እናቴ ከኪሴ የጮኸችበት ሰርግ

በሩን በጉልበት ሰብረን ነው የገባነው! አሁንም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። የሮቢት ሰዎች «ስልኩ ነው ያስከፈተላቸው» እያሉ እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። እሺ፣ ስልኩስ የማን ነው? የኔ አይደል እንዴ?

እኔ ስኳር በሽታ አለብኝ፣ መርፌ የሚወጉት ዓይነቱ። ግን ከቆቦ ባጃጅ ነጂ በሙሉ እንደኔ የሚያምር የለም፣ እሱን መጀመሪያ እወቁልኝ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፤ ስልክ ላይ ግን ፕሮፌሰር ነኝ። የስኳር አፕ ጭኛለሁ። ጣቴን ወግቼ የለካሁትን ቁጥር አስገባለታለሁ፣ መርፌ ስወጋ እነግረዋለሁ፣ ሳልበላ ከቆየሁ ይጮህብኛል።

ጓደኛዬ ሊያገባ ሆነና ሚዜ ሁነኝ አለኝ። እናቴ «አይሆንም!» አለች። አንዴ ስኳሬ ወርዶ ገበያ መሃል ተዘርሬ አይታኛለች።

«በሰው ሰርግ ልትወድቅብኝ ነው?»

ለመንኳት፣ ለመንኳት። መጨረሻ ላይ፣ «እንግዲያው የኔን ድምፅ እዚያ ስልክህ ውስጥ ክተተው፤ የሱን ጩኸትማ መቼ ትሰማለህ» አለች። ቀድቼ የአፑ ጩኸት አደረግሁት። «ከወደቅህ ግን ሁለተኛ ሚዜነት የሚባል የለም!» አለችኝ።

ሙሽሪት አገር ሮቢት ልንገባ ስንል መኪና ውስጥ መርፌዬን ተወጋሁ። ምሳው እንደወረድን ነው ብለውኝ ነበር። ሰርግ ላይ በር መዝጋት ያለ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እንደዚያን ቀን ያለ በር ዘጊ አይቼ አላውቅም። የሙሽሪት የአክስት ልጅ ሴቶቹን አሰልፋ ከፊት ቆማለች።

«ዝለሉና እናያለን! የቆቦ ሰው መዝለል ያውቃል?»

እኔን ነው እንዲህ የምትለው? ዱላዬን ይዤ ዘለልኩ። አቧራው ሰማይ ደረሰ።

«ደከመው! ደከመው!» አሉ።

ከረሜላ አውጥቼ በተንኩላቸው፣ አንድ ኪስ ሙሉ። ስኳሬ ሲወርድ እንድበላው እናቴ የሰጠችኝ ነው። ቆንጆ እያየችው ስለ ስኳር የሚያስብ ወንድ ካለ ይምጣ!

ደግሜ ስዘል ላቤ ተንጠፈጠፈ፣ በሩ ሁለት ሆነብኝ። ይሄኔ ከኮቴ ኪስ፣ በሙሉ ድምፅ፦

«አንተ ልጅ! መርፌህን ተወግተህ ትገተራለህ? ብላ እንጂ!»

ዘፈኑ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደኋላ ዞረ።

«እናቱ መጡ እንዴ?»

«ኪሱ ውስጥ ናቸው!» አለ ሌላው ሚዜ።

ሳቅ በሳቅ! እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ሳቅሁ። ጣቴን ወጋሁ፣ ሃምሳ ስምንት። «ከሰባ መውረድ የለበትም፣ ጣፋጭ ነገር ስጡኝ» አልኩ።

«ተንኮል ነው! በር ለማስከፈት ነው!» ብለው ሴቶቹ ተንጫጩ። የአክስት ልጅቷ ግን ፊቴን አየችና ሳቋ ጠፋ።

«ምን ተንኮል አለው፣ ልጁ አመድ መስሏል እኮ!»

በሩን በርግዳው ለስላሳ ልታመጣ ሮጠች። ተከፈተ! ሚዜው ዘው! ሙሽራው ዘው!

«አይቆጠርም! ውጡ!» እያሉ ይጮሃሉ። ማን ይወጣል! እኔ ብቻ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለስላሳዬን እንደ ንጉሥ እጠጣለሁ። ቆይቼ ብለካ ዘጠና ሁለት።

እናቴ ደወለች። «ወደቅህ?»

ለስላሳውን ያመጣችልኝ ልጅ ስልኩን ቀማችኝ። «አልወደቀም እማማ፣ ቁጭ ብሏል። ከረሜላውን ለኛ አድሎ ነው እንጂ ደህና ነው። በራችንን ግን ሰብሮብናል።»

የእናቴ ሳቅ እኔ ድረስ ተሰማ። «በይ እጁን ይዘሽ ገበታ ላይ አስቀምጭልኝ። አልወደቀም ካልሽኝ ለሚመጣውም ሰርግ ይሂድ። ከረሜላ ግን ለሴት አያድልብኝ!»

ሰማችሁ? ሰብሮብናል! በገዛ አፏ! ካላመናችሁ ሮቢት ሂዱ፣ እሷን ጠይቁ፣ እዚያ የነበረውን ማንንም ጠይቁ። የሚዋሽ ካለ ስሙን ይዛችሁልኝ ኑ፣ ባጃጁ በነፃ!