ሐሰን የተባልሁበት በጋ

ባለፈው ሳምንት ከሸሕዲ ወደ ጎንደር ስሄድ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ በስልኩ ሲጫወት የጦር መለከት ሰማሁ። ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም፤ ግንብ ሲከበብ የሚነፋው ነው። ሚኒባሱ እንደ ምድጃ ግሎ ሳለ እኔን ጀርባዬን በረደኝ። ያን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ የወንድሜን የደሳለኝን ግንብ ባፈረስሁበት ቀን ነበር።

ደሳለኝ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ክረምት ለሰሊጥ ዘር ወደ እርሻ ሲሄዱ ከትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወደቀና ጎማው ቀኝ እግሩ ላይ ሄደበት። ጎንደር ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ እግሩ ተርፎለት ነበር፣ ግን አልታጠፍ ብሎ ደረቀ። ትራክተሩን የነዳው አባዬ ራሱ ስለነበረ፣ ከዚያ ወዲያ ልጁን ቀና ብሎ አያየውም ነበር፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠለትና ወደ እርሻው ተመለሰ።

መስከረም ጠብቶ ጓደኞቼ ደብተራቸውን ይዘው በበራችን ሲያልፉ እኔ ቤት ቀረሁ። እማዬ ለእርሻው ሠራተኞች ምግብ ታበስል ስለነበር፣ «እህቱ እያለሽ ማን ይያዘው?» አለችኝ። ውኃ ማቀበል፣ ሽንቱን መድፋት፣ ትራሱን ማገላበጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ደሳለኝም በሕመሙ ላይ ንዴት ተጨምሮበት ክራንቹን እየወረወረ ይጠራኝ፣ ዘገየሽ ብሎ ይሰድበኝ ነበር።

በስልኩ የሚጫወተው አራት ሰዎች ከያሉበት ሆነው በኢንተርኔት የሚገጥሙበት ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ ግንብ ይሠራል፣ ስንዴ ያበቅላል፣ ድንጋይ ያስፈልጣል፣ ቀስተኛ ያሠለጥናል፤ ንጉሡ የተገደለበት ከጨዋታው ይወጣል። ሁለቱ ከተወዳጁ ግን አንዱ ለሌላው በሩን ከፍቶ ወታደሮቹን ያስገባል። እኔ ከትከሻው በላይ እያየሁ ሁሉንም ተማርሁት። አንድ ቀን እስቲ እኔም ልሞክር ስለው፣ «አንቺ መጀመሪያ ሽንቴን ድፊ» ብሎ ሳቀብኝ።

በጥቅምት፣ ሰሊጥ ታጭዶ ከተማው በቀን ሠራተኛ ሲሞላ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የሐጂ ልጅ ጓደኛዬ ዘይነባ ስልኳን ታውሰኝ ጀመር። ስሜን ሐሰን ብዬ፣ አገሬንም ከድንበር ማዶ ገዳሪፍ አድርጌ ገባሁና ከደሳለኝ ጋር ተወዳጀሁ። ዘይነባ አጎቶቿ እዚያ ስለሚኖሩ «ያ ዞል» እያልሁ፣ እንደ ሱዳኖቹ «አንተ ሰው» ብዬ እንድጣራ አስተማረችኝ። ለእሷ ቀልድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲያስተኛ፣ እኔ ከደሳለኝ ክፍል ቀጥሎ ባለው መጋዘን የሰሊጥ ጆንያ ላይ እቀመጥና፣ የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ፣ በመካከላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ሆኖ አብረን እንዋጋ ነበር።

ደሳለኝ ከሐሰን ጋር ሲሆን ሌላ ልጅ ነበር። ለከተማው ቡድን አጥቂ ሆኖ እንደሚጫወት፣ የአባቱን ትራክተር እንደሚነዳ፣ አንድ ቀንም በእግሩ ድንበሩን ተሻግሮ እንደሚጠይቀኝ ይጽፍልኝ ነበር። ስለ መውደቁ አንድም ቀን አላነሣም። እኔ ቀልድ ስጽፍ ከግድግዳው ወዲያ ሳቁን እሰማው ነበር፤ እማዬም ያን ሳቅ ሰምታ፣ የማታውቀውን ጓደኛ ትመርቀው ነበር። አንዴ ስለ እህቱ ብጠይቀው፣ «በጭንቅላት ከእኔ ትበልጣለች፤ ለእሷ ግን አልነግራትም» ብሎ ጻፈልኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምሁም። ለማያውቀው ሰው የጻፈውን መልካም ቃል ለእኔ መንፈጉ የባሰ አንገበገበኝ።

መጋቢት ገባ። በመጋቢት በእኛ አገር ከእንስራም ቢቀዳ ውኃ ይሞቃል። ያን ቀን ያቀረብሁለትን ጣሳ፣ ሞቀ ብሎ ፊቴ ላይ ደፋውና ዘይነባ እያየች በክራንቹ ትከሻዬን መታኝ። ወለሉን ወለወልሁ። ከዚያ ስልኳን ተቀብያት ወደ መጋዘኑ ገባሁ።

ሁለቱ ሌሎች ተጫዋቾች ቶሎ ተሸነፉና እኛ ቀረን። ግንቡ ከዚያ በፊት ከሠራቸው ሁሉ ያምር ነበር። ላርፍ ነው፣ ሠራዊቴን አስገባልኝ ብዬ ጻፍሁ። ከፈተልኝ። ወታደሮቼን በግቢው ሞልቼ፣ ንጉሡን ዙሪያውን ከብቤ ውላችንን አፈረስሁ። የዚያን ቀን ድምፁን ሳላጠፋ ገብቼ ነበርና መለከቱ በግድግዳው በሁለቱም በኩል ጮኸ። «ሐሰን፣ ምን ሆንህ?» ሲል በአፉ ሰማሁት፤ እየለመነ ነበር። ንጉሡ ሲወድቅ፣ «ለምን ያ ዞል?» ብሎ ጻፈልኝ።

እኔም፣ «እግር ካለህ ተነሥና አምልጥ» ብዬ መለስሁለት።

ከግድግዳው ወዲያ ክራንቹ ሲንኳኳ ሰማሁ። ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋው ሲወርድ የመጀመሪያው ነበር። ስልኩን ጆንያ ውስጥ ወሸቅሁት። ግድግዳውን ተደግፎ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሐሰን አንቺ ነሽ?»

«ማነው ሐሰን?» አልሁት።

ጆንያዎቹን፣ ቀጥሎም እኔን አየ። ከዚያ ዞሮ፣ አንዴ ወድቆ፣ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። ላነሣው አልተነቃነቅሁም። ያን ሰዓት ደስ ብሎኝ እንደነበር መደበቅ አልፈልግም።

ጨዋታውን ዳግመኛ አልከፈተውም። ስልኩንም ለአባዬ መለሰለት። ከእኔ እጅ ውኃ መቀበል ስለተወ፣ እየወደቀ እየተነሣ ከእንስራው ራሱ ይቀዳ ጀመር፤ በዚያው መራመድ ተማረ። እማዬ ስለቴ ሰመረ ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አስገባች። እኔም በተከታዩ መስከረም ትምህርት ቤት ተመለስሁ። ጭካኔዬ ለሁላችንም ጠቀመ፤ የሚከብደኝም ይኸው ነው።

ዛሬ ደሳለኝ ጎንደር ውስጥ የውኃ ፓምፕ ይጠግናል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ስሄድ አልጋውን ለቆልኝ መሬት ይተኛል፤ «እህት ዓለም» ይለኛል። ሚስቱ ግን ጓደኛ የሚባል ሰው ቤታቸው አምጥቶ እንደማያውቅ፣ ረዳትም ቢቀጥር ከወር በላይ እንደማያቆይ አንድ ቀን ነገረችኝ። ምን አድርገውት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኋት።

ያኔ ጠይቆኝ ዋሸሁት። አሁን ልነግረው ስንት ጊዜ ተዘጋጅቼ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ግን አይጠይቅም።