አንድ ሊትር ናፍጣ ስንት ኪሎ ይፈጫል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት በጉጉት የኖርኩበት ጊዜ የለም። በሥራ ዘመኔ የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ከአሰላ እየተነሣሁ የአርሲን ገበያዎች ስዞር የጎደለ ኪሎ አይቼ ዝም ብዬ አልፌ አላውቅም። ሥራው ካበቃ በኋላ ግን የሚመዘን ነገር አጥቼ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ እህቴ ከጮሌ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ልሸጠው ነው። የአቦምሳው ሰው ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል።»

እህቴ የናፍጣ ወፍጮ አላት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ወፍጮ ነው። ከጥቂት ወራት ጀምሮ ግን ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ እህሉ በርከት ሲልበት ያቃስታል፤ በችግር የሚገኘውን ናፍጣ ያለ ልክ ይጠጣል። መብራት በመጣ ቁጥር ደንበኞቿ ወደ ኤሌክትሪኩ ወፍጮ መሄድ ጀምረዋል። መካኒኳ ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር፣ በጠርሙስ የሚሸጥና ሁሉም «መድኃኒት» የሚለው ፈሳሽ ያድነዋል ይላል። ጎረቤቷ ደግሞ ናፍጣውን ከጎመን ዘር ዘይት ጋር ቀላቅዪው ብሏታል።

«ሁለቱንም እንለካቸዋለን» አልኳት።

«ሞተር ይለካል እንዴ ጋሼ?»

«ሥራው ይለካል።»

ረቡዕ ማለዳ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ በሹራብ ጠቅልዬ የያዝኩት ከግርጌው ቀጭን ቧንቧ ያለው፣ መስመር የተሠመረበት የብርጭቆ መስፈሪያ ነበር። የመሥሪያ ቤት ንብረት አይደለም፤ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ነው።

ጮሌ እንደ ደረስኩ አሠራሩን ለእህቴና ለመካኒኩ አስረዳሁ። ሞተሩ ከበርሜሉ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ከሰቀልነው መስፈሪያ ይጠጣል። ናፍጣው ከላይኛው መስመር ተነሥቶ ታችኛው ላይ ሲደርስ ልክ አንድ ሊትር ሆኗል፤ በዚያ መካከል የወጣውን ዱቄት እንመዝናለን። ስንዴው ከአንድ ጎተራ፣ የድንጋዩም ጥብቀት አንድ ዓይነት ይሆናል። ሞተሩም በቅድሚያ ይሞቃል።

በንጹሕ ናፍጣ የመጀመሪያው ውጤት ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሆነ። መካኒኩ ፈገግ ብሎ ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ዙሪያውን አጸዳዳ፤ መድኃኒቱን በክዳን ለክቶ ናፍጣው ውስጥ ጨመረ። እንደገና አስነሣነው። ድምፁ ተለወጠ! ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ሳይንሸራተት በረረ፤ ጭሱ ሳሳ። ናፍጣው ታችኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሚዛኑ አርባ ስድስት አለ። ወዲያው መዝገቤ ላይ ጻፍኩት። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እልል አሉ።

«አላልኩም?» አለ መካኒኩ። «ነገ ከአሰላ ሁለት ካርቶን አስመጣለሁ።»

«ሦስት አድርገው!» አለች እህቴ።

እኔም ከእነርሱ ጋር እየሳቅሁ ወደ ደጅ ስወጣ፣ በሩ አጠገብ እንደ ቂጣ የደረቀ ጨርቅ ወድቆ አየሁ። አነሣሁት፤ አልታጠፍ አለኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የእኔ ነጠላ ነበረች» አለች እህቴ። «ሟቹ ባለቤቴ ‹ሞተር የሚገድለው አቧራ ነው› ይል አልነበር? ዱቄቱ እንዳይገባበት አየር የሚስብበትን አፍ ሸፍኜለት ነበር።»

ለካ የእህል ዱቄቱ ከጮሌ ጉም ጋር ተቦክቶ ጨርቁ ላይ ሊጥ ሆኖ ደርቋል። መካኒኩ ሲያጸዳዳ ፈቶ ጥሎታል። እኔ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ሌላውን ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው፣ በአንድ ሙከራ ሁለት ነገር ሲለወጥ ቆሜ አይቻለሁ!

«ያለ መድኃኒቱ እንደገና እንለካ» አልኩ።

«አባቴ፣ ጡረታ ወጥተው አላበቁም እንዴ?» አለ መካኒኩ። «በሽተኛው ድኖ ተነሥቷል፤ ምን ይፈልጋሉ?»

«ያዳነውን ማወቅ።»

በቱቦው የቀረውን መድኃኒት ያለበት ናፍጣ አስጨርሰን በንጹሕ ናፍጣ ለካን። አርባ ስድስት ኪሎ ከሩብ። ሩቡን ለልዩነት አልቆጥረውም፤ ስምንቱ ኪሎ ግን የጠርሙሱ ሳይሆን የአየሩ ነበር። ጨርቁን መልሰን አስረን ብንለካ ሙከራው ሙሉ ይሆን ነበር። ጠየቅኋት።

«ሁለተኛ አጠገቡ አትደርስም!» ብላ ነጠላዋን ከእጄ ነጠቀችኝ። ፊቷን አዙራ፣ «እኔው ነኝ ለካ ሳንቀው የከረምኩት» አለች።

ለመድኃኒቱ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሞተሩን ከውስጥ ያጥብ እንደሆነ በአንድ ሊትር መናገር አልችልም። ለካርቶኑ ግን ምክንያት አላገኘሁም።

ሐሙስ የጎመን ዘሩን ዘይት፣ አንድ እጅ ለአራት እጅ ናፍጣ፣ ቀላቀልን። ወፍጮ ቤቱ የመጥበሻ ሽታ ሸተተ።

«ኦቦ፣ ዘይት ከበላ ወጡንም ይሥራልን!» አሉኝ ተራ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት፤ ቤቱ በሣቅ ተናጋ።

አርባ ሦስት ኪሎ ፈጨ፤ የሚናቅ አይደለም። ድብልቁን ቱቦው ውስጥ ትተነው አደርን። ዓርብ ማለዳ ግን ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፎ ሳለ ዘይቱ ወፍሮ፣ ሞተሩ እስከ ረፋድ ድረስ አልነሣ አለ። መዝገቤ ላይ «ናፍጣ ሲጠፋ ለቀን ሥራ ይሆናል፤ ለማለዳ ግን አይታመንም» ብዬ ጻፍኩ። መካኒኩም በመድኃኒቱ የያዘውን ኩርፊያ ትቶ ግድግዳውን በሳ፤ ሞተሩ ከውጭ ንጹሕ አየር እንዲስብ ሰፊ ቱቦ ከአየር ማጣሪያ ጋር አገጣጠመለት። እኔ እንኳ ያላሰብኩት መላ ነበር፤ ይህንንም በመዝገቡ ላይ አስፍሬያለሁ።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። መብራት ነበረ፤ የኤሌክትሪኩ ወፍጮም ይሠራል። ቢሆንም ወሬው ተነዝቶ ኖሮ በእህቴ በር ላይ አህዮች ተደረደሩ። ጆንያ በላይ በላዩ ቢደፋበት ሞተሩ አላቃሰተም። እኔ ደጅ ቆሜ የገባውን ጆንያ እቆጥራለሁ፤ ስንት ጊዜ ከደስታ የተነሣ ቁጥር እንደ ሳትኩ ለመናገር አፍራለሁ።

ቀትር ላይ የአቦምሳው ሰው ባዶ ጭነት መኪና አቁሞ ወረደ። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

«ለሞተሩ ነው የመጣሁት!» ሲል ጮኸ።

እህቴ እስከ ቅንድቧ ዱቄት ለብሳ ከወፍጮው አፍ ቀና አለች። «ይኸው እየሠራ ነው!»

«ሞቷል ተብዬ እኮ ነው!»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር!»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም መዝገቤን አሳየሁት። ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ ጨርሶ ካነበበ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ድጋሚ አፉን ሊከፍት ሲል እህቴ ቀደመችው።

«ወንድሜ፣ ስንዴ ካለህ ተሰለፍ፤ ከሌለህ ደግሞ ከበሩ ፈቀቅ በልልኝ፤ እኚህ አዴ በቆሎ ተሸክመው ቆመዋል!»