የእናቴ ፊት በሲሚንቶ ወረቀት ላይ

እናቴ ለሣልኩት ሁሉ ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ «ይቺ ደሞ ማናት?»

መጀመሪያ ሰሞን የምትቀልድ መስሎኝ አብሬያት እስቅ ነበር። ኋላ ሳቁ ሄዶ ንዴቱ ብቻ ቀረኝ። «እማ፣ አንቺ ነሽ እኮ!» ስላት ወረቀቱን ራቅ ቀረብ እያደረገች ታየውና፣ «እኔ? ሂጂ ወዲያ! ይቺ የሮቢት ገበያዋ ጨው ሻጭ ናት» ትለኛለች። በሳምንቱ ሌላ ሳሳያት ደግሞ፣ «ይቺስ የአባትሽ አክስት ናት። ነፍሷን ይማርና እሷን የት አግኝተሽ ነው?» እናቴ ሰው ለማስደሰት ብላ አትዋሽም። የሠርግ ቤት ወጥ ጨው ከበዛበት፣ ሙሽራው አጠገቧ ቢቀመጥም በዝቷል ትላለች።

እኔ ቆቦ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባን ካለፍኩ ቆየት ብያለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሙሽራ ሳለብስ ኖሬያለሁ። ቁጣዬ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ደንበኞቼን ጠይቁ። ሥዕል ውስጥ የገባሁት በአንድ ሱሪ ሰበብ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ የዚሁ የቆቦ ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣና፣ ለጥልፍ ብዬ ቀሚስ ላይ በጠመኔ የነደፍኩትን ሐረግ አየ።

«ማን ነው ይሄን የነደፈው?»

«ማን ይሁን? እዚህ ቤት ሌላ ሰው ይታይሃል?» አልኩት።

ሳቀ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው አዳራሽ ሥዕል እንደሚያስተምር፣ ለሦስት ወር እንደሆነና ዕድሜ እንደማይጠየቅ ነገረኝ። እኔም ሱሪውን አስረክቤ «እስኪ ልየው» ብዬ ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

እናቴ ስትሰማ፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለች።

«ሥራ መቼ አጣሁ? የሙሽራ ልብስ ተቆልሎብኛል እኮ!»

«እንግዲያው ከመነኩሴውም ብሰሻል።»

ከእሷ ጋር ክርክር አይሞከርም።

አዳራሿ ውስጥ አሥር የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ተማሪዎች፣ ሁለት ነርሶች፣ እኔና አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። እኚህ ሰው የወረቀታችን ባለውለታ ናቸው። የሥዕል ወረቀት ቆቦ ውስጥ ፈልገን አጣን፤ ልጃቸው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስላለው ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክመው መጡ። ከረጢቱ ሲገለጥ መሐሉ ላይ ንጹህ ቡናማ ወረቀት አለው። በእኔ መቀስ ቆርጠን ተካፈልነው። መምህሩም ከአዲስ አበባ ያመጣውን የፓስቴል ሳጥን ከፍቶ እያንዳንዱን ቀለም ለሁለት ሰበረና አደለን። ፓስቴል እንደ ጠመኔ ያለ ደረቅ ቀለም ነው፤ ወረቀቱ ላይ ይጫራል፣ ከዚያ በጣት ይታሻል። ሲያልቅ ግን ያው ዱቄት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚቆየው በይሉኝታ ነው። «አትንኩት፣ አትተንፍሱበት፣ በተለይ አታስነጥሱበት» ይለናል መምህሩ። የቆቦ ንፋስ አቧራውን እየነዳ በር ሲደበድብ ሁላችንም ሥዕላችን ላይ እንደ ጫጩት እናት እንደፋለን።

ሾፌሩ አባባ ለሠላሳ ዓመት የነዷትን መኪና ብቻ ነበር የሚሥሉት። «አባባ፣ እስኪ አንድ ቀን እንኳ ሰው ይሣሉ» ስላቸው፣ «ሰው አላሳመርከኝም ብሎ ይቀየማል፤ መኪና አትቀየምም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ምነው የዚያኔ በሰማኋቸው!

እኔ ግን ሐሳቤ እናቴ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕሏን የሠራሁት በሜትር ነው። የለመድኩት ሥራ ነዋ! ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ግንባሯን ለካሁ፣ አፍንጫዋን ለካሁ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ለካሁ፣ ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ።

«ምንድን ነው የምትለኪኝ? መግነዝ ልትሰፊልኝ ነው?» አለች።

ቁጥሩ ልክ ነበር፤ አንድ ሣንቲሜትር አልሳትኩም። መምህሩ ሥዕሉን ሲያየው ግን ጢሙን አሻሸና፣ «እትዬ፣ ይሄ ፊት ነው ወይስ የሸሚዝ ቅድ?» አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሜትሬን ከአንገቴ አውልቆ ኪሱ ከተተው። እርር ድብን አልኩ! ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል አባባ እጄን ያዙኝ። «አብሽሪ፣ ልጄ፤ እኔም ጎማዬ ክብ እስኪሆን አንድ ወር ፈጅቶብኛል» አሉ። ተቀመጥኩ።

ቀኑ አይረሳኝም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መምህሩ በጠራራ ፀሐይ ወደ ውጭ አስወጣንና ግድግዳው ሥር የወደቀውን ጥላ አሳየን። «ቀለሙ ምንድን ነው?» ሲል፣ «ጥላ ጥቁር ነው፤ ይሄ ምን ጥያቄ ይሆናል?» አልኩት። «እርግጠኛ ነሽ? ደግመሽ እይው» አለኝ። አየሁት። ወይ ጉድ! ወይን ጠጅ ነው! አርባ ዓመት ሙሉ የተጠለልኩበትን ጥላ ቀለሙን አላውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ስሄድ ዓይኔ አላርፍ አለ፤ የባጃጁ ሸራ፣ የደረሰው ማሽላ፣ የሰው ሁሉ ፊት ላይ የማይታየኝ ቀለም አልነበረም። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናቴን መሣል ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ማሽላ እየለቀመች ትቀመጥልኛለች፤ ነገር ግን በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሰላም መባል አለበት። ሰላምታው ደግሞ የእኛ አገር ሰላምታ ነው፤ ከሰውየው ተነስቶ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳያዳርስ አያልቅም። እስክትመለስ ፀሐዩ ቦታ ይቀይራል። ስንት ግማሽ ፊት እንደሣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጨርሼ ሳሳያትም ያው ናት፤ «ይቺ ደሞ ማናት?»

ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሲል መምህሩ በመጨረሻው እሁድ አዳራሹ ውስጥ ሥዕሎቻችን ተሰቅለው ሰው ተጠርቶ እንደሚያይ ነገረን። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሥዕል ይሰቅላል። እየበረርኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«ያቺን የሮቢቷን ጨው ሻጭ ልትሰቅያት ነው?»

«አንቺን ነው የምሰቅለው! ትመጫለሽ አይደል?»

«ካወቅኋት እመጣለሁ። ለማላውቃት ሴት ብዬ ግን ፀሐይ አልመታም» አለች።

በቃ፣ ነገሩ ይህ ሆነ። የሌላው ሰው አስተያየት ከዚያ በኋላ ጉዳዬ አልነበረም፤ እናቴ መጥታ፣ ቆማ አይታ፣ «እኔ ነኝ» እንድትል ብቻ ነበር የፈለግኩት። ይህቺን አንድ ቃል ፈልጌ እንቅልፍ አጣሁ።

የመጨረሻውን ሥዕል ያለ ሜትር፣ ቁጭ በይልኝ ሳልላት ሣልኳት። በእኔ ስትናደድ አገጯን ሽቅብ ታደርጋለች፤ እሱን አገጭ ያዝኩት። ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ አንገቷ ላይ ያለውን አረንጓዴ ንቅሳት አልረሳሁም። የሲሚንቶው ወረቀት ቡናማ መሆኑ ለቆዳዋ ልክክ አለ። መምህሩ እንዳስተማረኝ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ፣ ግንባሯንና ጉንጮቿን፣ ነጭ ፓስቴል በስሱ አሳረፍኩበት። ቅዳሜ ስጨርስ መምህሩ መጥቶ ጢሙን እያሻሸ ቆመ። አባባ ግን፣ «ማሻአላህ! እኚህ ሴትዮ ሊቆጡኝ ነው እንዴ?» ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ቤት ይዣት ገብቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አስደገፍኳት። እናቴ ፊት ለፊቷ ቆመች። አየቻት፣ አየቻት፣ አየቻት። «ይቺ ደሞ ማናት?» እንኳን አላለችም!

«እማ?»

«ራት ቀርቧል» አለች።

ቅስሜ ተሰበረ። ቢያንስ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

በማግስቱ እሁድ ጎብዬ ከተማ ላለች ሙሽራ ቀሚስ ማድረስ ነበረብኝ። «እንዳትነኪያት፣ ዱቄት ናት፣ ትረግፋለች» ብዬ አስጠንቅቄ በማለዳ በሚኒባስ ሄድኩ። በአምስት ሰዓት ስመለስ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ገብታለች፤ ሥዕሉ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ፀጉሯ ላይ ትጠርጋለች። ቤቱ ለጋ ቅቤ ለጋ ቅቤ ይሸታል። ሥዕሉን አየሁት። ግንባሩ ያብረቀርቃል፣ ጉንጮቹ ያብረቀርቃሉ፣ ንቅሳቱ ቀልጦ ወደ ደረቷ ወርዷል፤ ወረቀቱም ዙሪያውን ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል።

ደሜ ፈላ። «እማ! ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽኝ? የሦስት ወር ሥራዬን!» ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኽኩ።

«ምን ያስጮኽሻል?» አለች ረጋ ብላ። «ግንባሯ አመድ፣ ጉንጯ አመድ! ያን ሁሉ ሰው በአመዳም ፊት ልታስቀብዪኝ ነበር? አንቺን ልጅ ሆነሽ አንድ ቀን ወዝ ሳልቀባሽ ከደጅ አውጥቼሽ አውቃለሁ?»

ነጩን ፓስቴል ማለቷ ነው። ቆዳዋ እንዲያበራ ብዬ ያሳረፍኩትን ብርሃን እሷ አመድ ብላ፣ እዚያው እዚያው ላይ ቅቤ አስነክታዋለች። ለካ እሷም እኔም የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ቁጣዬ ባለበት ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ እማ፤ ማንን ነው የቀባሽው?»

«እኔን ነዋ! ቅቤ እንዲህ በጠፋበት ጊዜ ለማላውቃት ሴት የማወጣ ይመስልሻል?»

በርጩማው አጠገብ መሬቱ ላይ ዘጭ አልኩ። ሳቅኩ ልበል አለቀስኩ አላውቅም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ። እሷ በቅቤ እጇ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ።

ሥዕሉን እንዳለ ይዤ ሄድኩ። መምህሩ አየው፣ ቀረብ ብሎ አሸተተው፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ ብርሃኑን በነጭ አሳዩ አልኩ እንጂ ራሱን ብርሃኑን አምጡ መች አልኩ?» ብሎ መሐል ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ዝንቦቹም ተጋብዘው መጡ። አባባ የራሳቸውን መኪና ትተው፣ ቀኑን ሙሉ ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ ከእናቴ ፊት ላይ ዝንብ ሲያባርሩ ዋሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ጥላዋን ዘርግታ መጣች። የሰፋሁላትን ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ገና እንደተቀባ ነው። ሥዕሉ ፊት አንዲት የማናውቃት ሴት ቆማ ነበር፤ ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «ይቺ ደሞ ማናት?» አለች።

እናቴ ጥላዋን አጠፈች። ሄዳ ከሥዕሉ ጎን ቆመችና አገጯን ሽቅብ አደረገች።

«ዓይንሽን ምን ነካው? እኔ ነኝ እንጂ!» አለቻት። «የሣለችኝ ልጄ ናት፤ ወዙ ግን የራሴ ነው።»