ዋና ዝግጅት

በዚያች ትንሽ ከተማ ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚሰበሰብ ማወቅ የፈለገ ሰው የአዳራሹን ግድግዳ ያያል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ሁሉ የጠመኔ እጅ ነው። ጠመኔ የምትጽፈው ሴትዮ ቅጽል ስም ነው። እጇም፣ ቀሚሷም፣ አንዳንዴ አፍንጫዋም ነጭ ስለሚሆን ስሙን ያወጡላት የገበያ ሴቶች ናቸው። መቼም ቅጽል ስም የሚጣበቀው የተቆጣ ሰው ላይ ነው ይባላል፤ እሷ ግን ስቃ ተቀበለችው፣ እንዲያም ሆኖ ተጣበቀባት።

ከሰሌዳው በፊት ማስታወቂያ የሚለፍፈው ባሏ ነበር። «መለከት» ይሉታል። ድምፅ ማጉያውን ይዞ ከዳቦ ቤቱ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው እየዞረ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል እንኳን የነቃ የተኛም ይሰማል። ማጉያው ባትሪ ሲጨርስም ልዩነቱን ያወቀ ሰው አልነበረም። የደም ልገሳው፣ የእግር ኳስ ግጥሚያው፣ የወላጆች ስብሰባው፣ ምኑ ቅጡ! ሁሉም በእሱ አፍ ነው የሚያልፈው። ቤት ሲገባም አመሉ አይለቀውም። ምሳ ላይ ጨው አቀብይኝ ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ የመጣበት ቀን አለ።

ዝም የሚልበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ውኃ ውስጥ። በጎረምሳነቱ ወንዙን ወዲያና ወዲህ እየዋኘ ያቋርጣል፣ እሷ ዳር ተቀምጣ ልብሱን ትጠብቃለች። «ዝምተኛ መስሎኝ የወደድኩት ውኃ ውስጥ ሳለ ነው፤ ከውኃ ሲወጣ ጉዴን አየሁት» ትላለች እስከ ዛሬ።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮውን ታመመ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉለት፤ ድምፁ ግን አልተረፈም። የቀረው ሹክሹክታ ነው፤ እሱም ጆሮ ለሚያስጠጋ ሰው። ከዚያ ወዲህ ከበር ወጥቶ አያውቅም። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የከተማው ኮሚቴ ሰሌዳ ሲሰቅል «እኔ እጽፋለሁ» ያለችው ሥራው ከቤታቸው እንዳይወጣ ብላ ነው። አዳራሹ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነውና መለከት ጠዋት ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የጻፈችውን እንደሚያነብ ታውቃለች። አበጀሽ ወይም አበላሸሽ ብሏት ግን አያውቅም።

እንዲህ እያሉ የዓመቱ ትልቁ ስብሰባ ደረሰ። ኮሚቴ ይመረጣል፣ ሪፖርት ይነበባል፣ ልጆች ይዘምራሉ። ያንን ስብሰባ በየዓመቱ የሚከፍተው መለከት ነበር። ዘንድሮ የአዳራሹ ጣሪያ እየታደሰ ስለሆነ ወንዝ ዳር፣ ዛፎቹ ሥር እንዲሆን ተወሰነ።

«ና አብረን እንሂድ» አለችው ጠመኔ። «ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፣ ሰው ይይህ።»

«ድምፅ የሌለው መለከት ምን ይባላል?» አለ በሹክሹክታ። «ቆርቆሮ!»

 ከዚህ ስብሰባ ከቀረ ከእንግዲህ ወዲያ በሩን እንደማይሻገር ልቧ ነግሯታል። ለምናው ለምናው እምቢ ሲላት ጠመኔዋን አንስታ፣ በሩን ድርግም አድርጋ ዘግታ ወጣች።

እንደ ተናደደች ሰሌዳውን ጻፈች። ማክሰኞ በጤና ጣቢያው የደም ልገሳ፤ ሐሙስ የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ፤ ቅዳሜ የአናጺዎችና የግንበኞች የኳስ ግጥሚያ። ታች ጥግ ላይ ቦታ ሲጠባት ቃል ቆጥባ ጨረሰችው፦ «እሁድ ጠዋት ወንዝ ዳር ዋና ዝግጅት። ሁሉም ይምጣ።»

ወይ ጣጣ! መለከት ቢሆን «ዋና»ን ጠበቅ አድርጎ ይጠራው ነበር፣ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር። በጠመኔ የተጻፈ ፊደል ግን አይጠብቅ፣ አይላላ። አንባቢው ካጠበቀው ትልቁ ዝግጅት ነው፤ ካላላው ውኃ ውስጥ መንቦራጨቅ ነው።

እሁድ ጠዋት ጠመኔ ቀድማ ሄዳ ወንበር ስትደረድር ሰው መምጣት ጀመረ። ግማሹ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ክራቫት ያሰረም አለ። ሌላው ፎጣ ተሸክሟል። ልብስ ሰፊው ኮቱን ሲያወልቅ ከሥሩ ቁምጣ ብቻ! ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ የተነፋ የመኪና ጎማ እያንከባለለች ከነልጆቿ ከች አለች። ክራቫት ያሰሩት ባለ ፎጣዎቹን፣ ባለ ፎጣዎቹም ክራቫት ያሰሩትን እያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ያልሳቀው የኮሚቴው ሊቀመንበር ብቻ ነው። ሙያው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ሪፖርቱን ይዞ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«እንዴ እትዬ! ምን ብለው ነው የጻፉት?»

ነገሩ ሲገባት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባሌ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ቀን አሳስቶ አያውቅም፤ እኔ ስሙን አሰደብኩት፣ ሁለተኛ ጠመኔ አልነካም አለች በልቧ።

ያኔ ሳቁ ድንገት ቀጥ አለ። ቀና ብትል መለከት በዛፎቹ መሃል እየመጣ ነው። ከስቷል። ያቺን የድሮ ቁምጣውን ለብሷል፣ ወገቡ ላይ ሰፍታው በገመድ አስሯታል፤ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«አንተ! ምን እግር ጣለህ?»

«ጽፈሽ የለም እንዴ!» አለ በዚያች ሹክሹክታው። «ዋና ብለሽ።»

«ስብሰባ እኮ ነው! እኔ ለማለት የፈለግኩት...» ብላ ምላሷን ነከሰች። ይመለሳል ብላ ነፍሷ ተጨነቀች።

መለከት ወንበሮቹን አየ፣ ሰዉን አየ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ለስብሰባ አልመጣሁም» አለ። «ለዋና ግን ድምፅ ምን ይሠራል?»

ውኃው ውስጥ ገባ። ቀስ ብሎ፣ እጁን እየዘረጋ፣ ወደዚያኛው ዳር አቀና። ጠመኔ ሸሚዙን ታቅፋ እንደ ልጅነቷ ዳር ተቀመጠች፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል አለቀሰች። እነዳቦ ጋጋሪዋም ጎማቸውን ይዘው ተከተሉት።

ሊቀመንበሩ አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ስብሰባውን እንጀምር? ሰዓት ሄደብን።»

«ትንሽ ቆይ ልጄ» አለችው፣ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል። «ዋናው አላለቀም።»

አጥብቃው ይሁን አላልታው ሊቀመንበሩ አልለየውም፤ እንባ ተናንቋት ነበር።