እስኪቀዘቅዝ ድረስ

ድንቼን ከእንጅባራ ዳንግላ የማደርሰው በሰው መኪና ነበር። ባለመኪናው ሲመቸው ይመጣል፣ ካልመቸው ስልኩን ይዘጋል። እኔ ገበያው ከተበተነ በኋላ ደርሼ ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ እበግናለሁ። አንድ ቀን አባቴ ንዴቴ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «በቃ፣ ዳማውን ልሽጥልሽና የራስሽን ግዢ» አሉኝ።

ዳማው ፈረሳቸው ነው። ጠዋት ከእኔ በፊት ደህና አደርክ የሚሉት እሱን ነው። አይሆንም ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ከአንድ የዘንገና ገበሬ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ደህና መኪና ከተገኘ ዳማው ይሄዳል። «ብቻ እኔ ሳላየው እንዳትገዢ፤ ዳማዬን በቆርቆሮ አልለውጥም» አሉ።

«አባባ፣ መኪና ጥርሱ አይታይ፣ ምኑን ሊያዩት ነው?» ብዬ ሳቅሁባቸው።

ጥሊሊ ሄድን። ሻጩ አሮጌውን ፒክአፕ አጥቦ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀን። «ድምፁን ስሚው እህቴ፣ እንደ አዲስ ነው!» እውነትም ደስ ይላል። አባቴ ግን ድምፁን ትተው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

«ለምን አስቀድመህ አሞቅኸው?»

«አሁን ከወፍጮ ቤት መመለሴ ነው፣ አባቴ።»

«ደግ። እንግዲህ እስኪቀዘቅዝ እንቀመጣለን።»

እኛ ዘንድ የሚያነክስ ፈረስ የሚሸጥ ሰው ገበያ ከመድረሱ በፊት ያንሸራሽረዋል፤ እግሩ ሲፍታታ ማነከሱ ይጠፋል። ስለዚህ ፈረስ አዋቂ ያረፈውን ካላየ አይገዛም። ይህን አውቃለሁ፤ ግን በመኪና! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻጩ አኮረፈ። ሚስቱ ምሳ ስታቀርብ አባቴ ነገሩ ሳያልቅ የሻጭ ቤት እህል አልቀምስም ብለው እኔንም በረሃብ ቀጡኝ። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አላፊ አግዳሚውን ስንቆጥር ዋልን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተው ኮፈኑን ዳሰሱ። «አሁን አስነሳው።»

ሻጩ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲያዞረው ተነሳ። ትንሽ ጥቁር ጭስ አወጣና ወዲያው ጠራ። አባቴ ዙሪያውን ዞሩት፤ ጎንበስ ብለው የቆመበትን መሬት አዩ። አንዲት ጠብታ ዘይት የለም። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እንጅባራ መንገድ አዩ። ዳማውን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። «ይቅርብሽ» ቢሉኝ አምኜ እመለስ ነበር፤ ዳማውም ከደጃችን አይጠፋም።

«ጤነኛ ነው፤ ግዢው» አሉ።

ቀብድ ሰጠሁ። የቀዘቀዘውን ምሳ ከሻጩ ጋር እየተሳሳቅን በላን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ የለም። በሚኒባስ ስንመለስ ዘንገና ላይ አባቴ «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ። ዳማውን የሚገዛው ገበሬ አጥሩን ሲጠግን አገኘነው። መኪናው መገኘቱን ሲነግሩት የሚይዘውን አጣ።

«ነገ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ልውሰደው?»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በማለዳ ና፤ ከጋጣው ሳላወጣው እየው» አሉት።