ፈረሶቹና የቆርቆሮው ቤት

ከስንት ልፋት በኋላ ያቀረቡለትን ገብስ ፈረስ አሽትቶ፣ በከንፈሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ጭቃ ላይ በትኖብዎት ያውቃል? እኔ ወለጋ፣ ሲሬ ከተማ ላይ አንድ ሙሉ ክረምት በዚህ ስቃጠል ከርሜአለሁ። አንድ ፈረስ ቢሆን እንኳ በቀለለኝ፤ ሁለት ነበሩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። በማስተማር ሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲሬ ከተማ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር፣ ከሾላ ዛፍ ሥር ፊደል አስቆጥራለሁ። የማዶ ልጆች በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ መምጣት ስለማይችሉ እኔ ወደ እነሱ እሄዳለሁ። የምሄደውም በሰው ፈረስ ነው፤ እኔ በቀዩ በዳማው፣ ጥቁር ሰሌዳውና የመጻሕፍቱ ሣጥን በጥቁሩ በጉራቻው ላይ። ባለቤታቸው የመንደሩ ባልቴት ናቸው፤ አገሩ ሁሉ በአክብሮት «አዴ» ይላቸዋል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አዴ አስጠሩኝ። ፈረሶቹን የሚጠብቁላቸው ወንድማቸው ታመው ነቀምት ሊታከሙ ሄደዋል።

«ኢልማኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህን ክረምት አንተው ያዛቸው። ለመስቀል መጥቼ አያቸዋለሁ። ደህና ሆነው ካገኘኋቸው ለከርሞም ይሥሩልህ። ከስተው ካገኘኋቸው ግን እወስዳቸዋለሁ። የባሌን ፈረሶች አጥንት ሆነው ማየት አልፈልግም።»

ፈረሶቹ ከሄዱ የቅዳሜው ትምህርት አበቃ ማለት ነው። ከሾላው ሥር ከሚቀመጡት ልጆች ግማሾቹ ገና ማንበብ መጀመራቸው ነበር።

«አይከሱም፣ አዴ» አልኳቸው። ባልደረቦቼ ሻንጣቸውን ይዘው በአውቶቡስ ወደየአገራቸው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ።

ሥራዬን በሥርዓት ጀመርኩ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ከመማሪያ ክፍሎቹ ሌላ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ አንደኛው እኔ የምኖርበት የሣር ቤት፣ ሁለተኛው ከጠቅላይ ግዛቱ በተላከልን ቆርቆሮ አዲስ የተከደነ ዕቃ ቤት። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ የቆርቆሮውን ቤት ለፈረሶቹ አስፈቀድኩ። ከእኔ ቤት ይልቅ የእነሱ ማማሩ ደስ አለኝ። ወለሉን ድንጋይ አነጠፍኩ፣ ግርግም ሠራሁ፣ ቢላ ከምትባለው ከተማ ድርቆሽ አስጫንኩ። ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቄ አሰማራቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አስገባቸዋለሁ። ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን የትምህርት ቤቱን ደወል ደውዬ ገብሳቸውን አቀርባለሁ።

አይበሉም። ዳማው ያሸታል፣ ይበትናል። ጉራቻው ደግሞ ማሽተቱንም ንቆ ቂጡን ያዞርብኛል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከጎጃም የመጡ የቀድሞ ወታደር ናቸው። በር ላይ ተደግፈው ያዩኛል።

«ደወሉን ደወሉላቸው፤ እንግዲህ ሰልፍ ያስይዙና መዝሙር ያዘምሯቸው!»

«ይሳቁ እንጂ ምክንያቱን አገኘዋለሁ» አልኳቸው።

ደብተር አሰመርኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ከለወጥኩ ጥፋቱ የት እንዳለ ይገባኛል ብዬ ነው። መጀመሪያ ገብሱን በባቄላ ለወጥኩ። ቀጥሎ ባቄላውን ቀቀልኩት። ከዚያ የቆርቆሮ ባልዲውን ትቼ በእንጨት ገንዳ ውሃ ሰጠሁ፤ ግርግሙን በአመድ አጠብኩ፤ አሞሌ ፈቅፍቄ በመዳፌ አስላስኩ። ጨውን ይልሳሉ፣ እጄንም ይልሳሉ፤ ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ላይ ቀስረው ዝም። ሁሉንም ጻፍኩ። ነሐሴ ሲገባ የዳማው ጎድን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ደብተሬ ግን ያማረ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አዴ ሳይታሰብ ግቢው ውስጥ ከበቅሏቸው ወረዱ። በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ቤት፣ ወደ ፈረሶቹ ገቡ። የፈረሶቹን አፍ ከፍተው ጥርሳቸውን አዩ፣ ፋንድያቸውን በዱላ ገለጡ፣ ከገብሱም ቆንጥረው ቆረጠሙ።

«ጥርሳቸው ደህና ነው። ገብሱም ደህና ነው።»

ደብተሬን ገልጬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ዝናቡ ወረደ። የወለጋን የነሐሴ ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ የማስረዳው ቃል ለራሴም አልሰማ አለኝ። የአዴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምፃቸው የለም። ከመቀነታቸው ቆሎ ፈተው በእጄ አደረጉና ብላ የሚል ምልክት ሰጡኝ። አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ሳላኝክ ቆየሁ፤ ለካ ወደ ጣሪያው እያዳመጥኩ ኖሯል። ፈረሶቹን አየሁ። ጆሯቸው እንደኔው ወደ ላይ ተቀስሯል።

አዴ ክንዴን ያዙኝና እየሮጥን ወደ ሣር ቤቴ ገባን። እዚያ ዝናቡ የሩቅ ወንዝ ይመስላል።

«አሁን ብላ» አሉኝ። ቆሎውን ጨረስኩት።

«እነዚህ በሣር ቤት ተወልደው በሣር ቤት ያደጉ ናቸው» አሉ። «እዚያ ውስጥ ጅብ ቢመጣ ይሰሙታል? ጆሮው ያላረፈ ፈረስ ጥርሱ አይሠራም። ይህን ሁሉ ስትጽፍ ዝናቡን የት ጻፍከው?»

የትም አልጻፍኩትም፤ በየቀኑ የሚወርደው ግን ልክ ገብሱን በማቀርብበት ሰዓት ነበር። ይበልጥ ያፈርኩት ነገሩን አስቀድሜም አውቀው ስለነበር ነው። ግንቦት ላይ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲመታ እኔው ራሴ ትምህርት አቁሜ፣ ተማሪዎቼን እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ አደርግ ነበር። ለተማሪ የገባኝ ለፈረስ አልገባኝም።

አዲስ የሣር ቤት እንዳልሠራ የክዳን ሣር የሚታጨደው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። መስቀል ደግሞ አይጠብቀኝም። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አልጋዬን ወደ ዕቃ ቤቱ፣ ግርግሙን ወደ ሣር ቤቴ አዛወርኩ። አልጋውን ያገዙኝ ዘበኛው ናቸው።

«ስንት አገር ዞሬአለሁ» አሉ በአልጋው እግር በኩል ሆነው። «ፈረስ ሰውን ከቤቱ ሲያስለቅቅ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው!»

ያን ቀን ማታ ዳማው ገብሱን ጠርጎ በላ፤ ጉራቻው የራሱን ጨርሶ የዳማውን ሊቀማ ሞከረ። እኔ በቆርቆሮዬ ሥር እራቴን ግማሹን ትቼ ተኛሁ። እስከ መስቀል እዚያው ኖርኩ።

አዴ በቀጠሯቸው መጡ። መዳፋቸውን በዳማው ጎድን ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ፤ ከዚያ በጉራቻው ላይ። ቀጥሎ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ፈረሶቹ ደልበዋል። አንተ ግን ከሳህ፤ ምን ሆነህ ነው?»

«ደብተሩን ይዩላቸው፣ አዴ» አሉ ዘበኛው። «የፈረሶቹን ሁሉ ጽፈዋል፤ ቆርቆሮው ሥር እራት አልበላ ያሉትን ራሳቸውን ግን ረሱ!»

አዴ ሳቁ። ሁለቱን ልጓሞች እጄ ላይ ትተው በበቅሏቸው ሄዱ። ትምህርት እንደተከፈተ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሰሌዳውን ጉራቻው ላይ ጫንኩ።

እርስዎም ቤት አልበላ ያለ ፈረስ ካለ መኖውን ከመለዋወጥዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ዝናብ ሲጥል ምሳዎን ይያዙና ፈረስዎ ከቆመበት ቦታ ቆመው ይብሉት። እባክዎ፣ አንድ ቀን ብቻ ይሞክሩት።