ያልቀረብኩበት ማዕድ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የዓሣ ጥብስ ሽታ በአጥሩ ገባብኝ። ዘይቱ ሲግል፣ ዱቄት የነካው ቆሮሶ ዓሣ ሲወርድበት የሚወጣው ሽታ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ያጠመድኩ ሰው ነኝና በዚህ አልሳሳትም። የጎረቤት ልጆች መጥበሻቸውን እየሞከሩ ነበር። የመስጊዱ ወጣቶች በየረመዳኑ አንድ ቀን መንገዱ ላይ ሸራ ዘርግተው፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይሉ ሰፈርተኛውን ሁሉ ለማፍጠሪያ ይጠራሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷ በሬን አንኳክታ፣ "አባባ፣ እርስዎ ካልመጡ አይደምቅም። ከፈለጉ በባጃጅ እንወስድዎታለን" አለችኝ።

"እግሬ ገና አለ" አልኳት።

ሳቀች። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። በሩን ዘግቼ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ላንተ ልንገርህ፤ ጣልቃ ገብተህ ካላቋረጥከኝ እጨርሰዋለሁ።

ያኔ ሀያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሀዋሳ ትንሽ ነበረች። ዛሬ ሆቴል የቆመበት ሐይቅ ዳር ሣር ነበር፤ አመሻሽ ላይ ጉማሬ ወጥቶ ይግጠው ነበር። እኔ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር ዓሣ አጠምዳለሁ። ብቻዬን አይደለም፤ መረብ ለብቻ አይሆንም። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ይጎትታል። ጀልባዋም መረቡም የእኔና የአንድ ሙስሊም ልጅ ነበሩ። የመረብ ጓደኛዬ እለዋለሁ።

ንጋት ላይ እሱ ዳር ላይ ይሰግዳል፤ እኔ ጀልባዋን በገመድ ይዤ እጠብቀዋለሁ። ውኃው ገና ጥቁር ነው፤ አባ ኮዳ አሞራዎቹ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። እሁድ እኔ ቸርች ስሄድ እሱ መረቡን ይጠግናል፤ ዓርብ እሱ ለጁምዓ ሲሄድ እኔ እጠግናለሁ። ቋጠሮዬን ዓይቶ፣ "ይህን የቋጠረ ሰው ነው ወይስ በሬ?" ይለኝ ነበር። ድርቅናዬን ያውቃል። "አንተን ከያዝከው ሐሳብ ከመጎተት ጉማሬውን ከውኃ መጎተት ይቀላል" ይል ነበር። እውነቱን ነው።

ሲያገባ ጠራኝ። የእኛን አገር ደንብ ታውቃለህ፤ እነሱ የባረኩትን ሥጋ እኛ አንበላም፣ እኛ የባረክነውን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ በሠርጉ ቀን ለክርስቲያኑ ለብቻ ዳስ ተጣለ። ሁለት በግ ሰጡን፤ የእኛ ሰው በእኛ ቢላዋ አረደ፣ የእኛ ሴቶች በእኛ ድስት ሠሩ። እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። ሙሽራው እየመጣ በዳሱ በር ብቅ ይልና፣ "በሬው ጠገበ?" ይለኛል። ሰው ይስቃል።

ከሠርጉ ወራት በኋላ ሰፈራችን ተጣላ። በቦኖ ውኃ ወረፋ ነው የተጀመረው። የአንዷ እንስራ ከሌላዋ ፊት ቀደመ ተባለ፣ ስድብ መጣ፣ ስድቡ ከእንስራው አልፎ ሃይማኖት ነካ። በማግሥቱ ወንዶቹ ገቡበት። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ከሰው ሰላም አይባባልም ነበር። አንድ አጥር ተጋርተው ያደጉ ሰዎች ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። እኔና የመረብ ጓደኛዬ ግን ውኃው ላይ እንደ ድሮአችን ነበርን።

ረመዳን ሲገባ የመስጊዱ ትልቅ ሽማግሌ በየክርስቲያኑ ቤት ዞሩ። ዱላቸውን ይዘው፣ በጾም አፋቸው፣ በዚያ ፀሐይ። እኛ ቤት ሲደርሱ ውኃ እንኳ ልንሰጣቸው አልቻልንም። "ቅዳሜ ማታ መንገዱ ላይ ማዕድ እንዘረጋለን፤ አብራችሁን እንድትበሉ ነው የመጣሁት። የምናቀርበው ዓሣ ነው" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እንግዳ ሲጠራ ምክንያት አይደረደርም።

ዓሣ! እኔ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ። ዛሬ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ዓሣ ሊበላ ይመጣል። ያኔ ግን ዓሣ የድሃ ምግብ ነበር፤ ለክቡር እንግዳ አይቀርብም። እኔ ከገበያ ስመለስ ሴቶች አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። በሠርጉ በግ አርደው ያከበሩን ሰዎች፣ ዛሬ ተጣልተን ሲያስታርቁን በግ ቀረና ዓሣ? ናቁን አልኩ። በቃ፣ ገባኝ አልኩ።

በነጋታው ዳር ላይ የመረብ ጓደኛዬ እየፈነጠዘ መጣ። "ለቅዳሜ ዓሣውን የምናወጣው እኔና አንተ ነን። ሽማግሌውን ለምኜ ነው! እስከ ቀትር ጀልባዋን መሙላት አለብን።"

"ብቻህን ሙላ" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

"የገዛ ዓሣዬን ልታበሉኝ ነው የጠራችሁኝ? በጉ አለቀባችሁ?"

"ቆይ፣ ስማኝማ። ዓሣ የሆነው ለምን መሰለህ..."

"አልሰማም።"

"በሬ ሆይ፣ አንዴ ብቻ..."

"በሬ አትበለኝ!" አልኩና ጥዬው ሄድኩ።

ያ ብቻ ቢሆን መልካም። የሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ የሱ ጓደኛ መሆኔን ስለሚያውቅ እኔን ነበር የሚጠይቀው። "ምን አስበው ነው?" ይሉኛል። "ንቀት ነው፤ ከውስጥ የማውቀው እኔ ነኝ" እላለሁ። ከውስጥ የማውቀው! አንድ ቃል አስጨርሼው ሳላውቅ። ቃሌ ግን ከቤት ቤት ዞረ። ሽማግሌው በዱላ የዞሩትን መንደር እኔ ቆሜ በአፌ ብቻ መለስኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ዳር ካለው ሾላ ሥር እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። እሱ ሐይቁ መካከል ላይ ብቻውን ነበር። ይቀዝፋል፤ መቅዘፊያውን ጥሎ ይሮጥና መረቡን ይጎትታል፤ ጀልባዋ ትዞርበታለች፤ መረቡን ለቆ ደግሞ መቅዘፊያውን ያነሳል። ጾመኛ ነው፣ ውኃ አልቀመሰም። ሌላ ረዳት መጥራት ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ዳር አየ። ያየኝ ይመስለኛል። እጁን ቢያወዛውዝልኝ ኖሮ ዋኝቼም እደርስ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። እሱ ግን ጎንበስ አለና መጎተቱን ቀጠለ። እኔም ተመልሼ ቤቴ ገባሁ።

ማታ በአጥራችን ቀዳዳ አየሁ። ምንጣፍ ከምንጣፍ ገጥመው መንገዱን ሞልተውታል። ትልልቅ ትሪ፣ በትሪው ላይ የተቆለለ ዓሣ፣ ተምር፣ ሳምቡሳ። ከወዲያ በኩል ሙስሊሞቹ ተቀምጠዋል። ከወዲህ በኩል፣ ለእኛ በተተወው ቦታ፣ ማንም የለም። ማንም ስል፣ አንዲት ጥርሷን የጨረሰች ባልቴት ጎረቤታችን ብቻ አለች፤ መስቀል ግንባሯ ላይ የተነቀሰች፣ አፏ የማይዘጋ ሴት። ብቻዋን በዚያ ሁሉ ባዶ ምንጣፍ ላይ። አዛን ሲል ሁሉም ተምር አነሱ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ትሪው የሚዘረጋ እጅ አልነበረም። የእኛን ሰው እየጠበቁ ነበር። ዘይቱ ሲረጋ፣ ዓሣው ሲቀዘቅዝ፣ እየጠበቁ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው ለባልቴቷ በእጃቸው ቆርሰው ሰጧት።

በማግሥቱ ያቺ ባልቴት ደጃችን ላይ ያዘችኝ።

"አንተ ግትር! ዓሣ ናቁን ብለህ መንደር ያስቀረኸው አንተ ነህ?"

"ታዲያ በግ ለምን አላረዱም?"

"በግ ቢያርዱ ለእነሱ አንድ፣ ለእኛ አንድ ነው። ሁለት በግ ሁለት ድስት፣ ሁለት ድስት ሁለት ዳስ። ለየብቻ ተቀምጦ መብላቱንማ ተጣልተንም እየበላን ነው! ዓሣ ማንም አይባርከው፣ ማንም አያርደው። ከአንድ ትሪ እንድንበላ ነው፣ አንተ ደንቆሮ። ሐሳቡንም ያመጣው ያው ጓደኛህ ነው አሉኝ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔስ ጥርስ የለኝም፤ ዓሣው ተስማምቶኛል" አለችና ሄደች።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ንጋት ወደ ሐይቁ ስወርድ እሱ ቀድሞኝ ነበር። ሰግዶ ጨርሷል። ሁለቱም መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል። "እንዴት አደርክ" አለኝ። "ደህና" አልኩ። ገብተን ቀዘፍን። ይቅር በለኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። አፌ ላይ ነበር፤ እምልልሃለሁ አፌ ላይ ነበር። መረቡን ከጣልን በኋላ እላለሁ አልኩ። ስንመለስ እላለሁ አልኩ። ነገ እላለሁ አልኩ። እሱ አልጠየቀኝም፤ ግን ይጠብቃል። ሰው ሲጠብቅ በጀርባውም ይታወቃል። በሬ ማለቱንም ተወ። እንደዚያ ብለህ ተሳደብ ብዬ ልለምነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሠራን። ከዒድ በኋላ አንድ ቀን፣ "አጎቴ ሻሸመኔ ሱቅ ከፍቷል፤ ና ብሎኛል። ጀልባዋም መረቡም ላንተ ይሁኑ" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

እሺ ብቻ።

በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌው ደግመው ዞሩ። ደግመው ዓሣ አሉ። ያን ጊዜ እኔም በየቤቱ ዞሬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ብዙ ሰው መጣ። ቦኖው ላይም ሰላምታ ተመለሰ። ለሰፈሩ የበደልኩትን ለሰፈሩ ከፈልኩ እልሃለሁ። ለእሱ ግን አልከፈልኩም። ሻሸመኔ የት ነው? ሚኒባስ ከያዝክ እንቅልፍ ሳያሸልብህ ትደርሳለህ። እኔን ግን ዕድሜዬን ፈጀብኝ። አንዴ ሥራ፣ አንዴ ልጅ፣ አንዴ ምን ፊት ይዤ። የደረስኩት ሞቱን ሰምቼ ነው።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ስወጣ ሚስቱ፣ ያቺ በሠርጉ ዕለት ፊቷን ሸፍና ያየኋት ሙሽራ፣ አርጅታ በር ላይ አገኘችኝ። ማን መሆኔን ነገርኳት።

"የሐይቁ ጓደኛው እርስዎ ነዎት?" አለችና እጄን ያዘች። "ያ ወባ ለቀቀዎት?"

"የምን ወባ?"

"ያኔ መንደሩን ለማፍጠሪያ በጠራን ዕለት የጣለዎት ነዋ! መዳፉ ተልጦ፣ ዓሣውን ብቻውን ተሸክሞ ገባ። ጓደኛህስ ብዬ ብጠይቀው፣ 'ወባ ጥሎታል፤ እየተንቀጠቀጠ ካልመጣሁ ብሎ እኔ ነኝ በግድ ያስተኛሁት' አለኝ። ለሽማግሌዎቹም እንዲሁ ብሎ ነገራቸው። ለመግሪብ ሶላት መስጊድ ሲገቡ ዱዓ አደረጉልዎት።"

የበሩን መቃን ያዝኩ።

"ከዚያም ወዲያ በየረመዳኑ፣ ሊያፈጥር ሲል፣ ለጓደኛዬ ጤና ስጠው ይል ነበር። ይኸው እስከ ዘንድሮ። እኔማ እስካሁን የሚያምዎት መስሎኝ።" ፊቴን ቀና ብላ መረመረችኝ፤ በእርግጥ መዳኔን ለማወቅ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሱ ይህን ሁሉ ዓመት የሸፈነውን እኔ በሞተ በሦስተኛው ቀን ልገልጠው ነው?

"ለቆኛል" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ" አለችና በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።